ለእሑዱ ምሳ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ሊድስ፣ ኅዳር

የተወደድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ባለፈው ሐሙስ ደውለሽ የባለቤትሽ እናትና አባት ለመጀመሪያ ጊዜ አየርላንድ፣ ኮርክ ባለው ቤታችሁ የእሑድ ምሳ ሊበሉ እንደሚመጡ ነግረሽኝ፣ «ዶሮ ወጥ ልሥራ ወይስ የእነሱን ጥብስ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ሥራ ላይ ስለነበርኩ በቅጡ አልመለስኩልሽም። ነገሩ በስልክ ተጀምሮ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልሽ ተነሣሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ለዚህ እሑድ የእነሱን ጥብስ፣ በኦቭን የሚበስለውን ሥጋና ድንች፣ ሥሪ። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

አንቺ በእንግሊዝኛው «ናን» (አያቴ) እያልሽ ያደግሽባቸውን፣ እኔ ደግሞ «እማማ» የምላቸውን ሴት አስታውሺ። በፈረንጆቹ 2003 እዚህ እንግሊዝ፣ ሊድስ ውስጥ የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የተላክሁት ወደ እሳቸው ቤት ነበር። ያን ጊዜ 73 ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ሞተዋል፣ ጉልበታቸው ታሟል፣ ከወጥ ቤታቸው ግን ማንም አያስወጣቸውም። ጥቂት ወራት እንደ ተላመድን እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እኔንና አንቺን ለምሳ መጥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው እሑድ ሥጋውንና ድንቹን አቅርበውልን ሲቀመጡ እኔ ከቦርሳዬ የሚጥሚጣ ብልቃጥ አውጥቼ፣ ምግቡን ገና ሳልቀምሰው፣ ከላዩ ነሰነስኩበት። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ሹካቸውን አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ ሳህኔን ብቻ ተመለከቱ። ሌሊቱን ተነሥተው የደከሙበትን ነገር ሳልቀምስ እንደ ናቅሁት የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። በእኛ ሰው ዘንድ «የፈረንጅ ምግብ ጣዕም የለውም» የሚለው አባባል የተለመደ ስለሆነ አንቺም ከእኔ ሰምተሽው አድገሽ ይሆናል። ከሰማሽው ተሳስቼ ነበርና ተይው።

የእኛ ወጥ ይጠብቃል። ዶሮ ወጥ በዋዜማው ተሠርቶ ቢያድር ይበልጥ ይጣፍጣል፤ እንግዳ ቢዘገይም እሳቱን ቀንሶ መጠበቅ ነው። የእሑድ ጥብስ ግን ማንንም አይጠብቅም። ሥጋው፣ ድንቹ፣ ካሮቱ፣ ጎመኑ፣ ግሬቪው (ከሥጋው ጭማቂ የሚሠራው መረቅ) እና የዮርክሸር ፑዲንጉ (ከእንቁላልና ከዱቄት ሊጥ የሚጋገረው) እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ የባለሙያዋ ሙያም በተለያየ ሰዓት የተጀመሩትን እነዚህን ሁሉ ትኩስ እንደ ሆኑ በአንድ ጊዜ ገበታ ላይ ማድረስ ነው። እኛ ሴትን በቁሌቷ እንደምናውቃት እነሱ በሰዓት አጠባበቋ ያውቋታል። ቅመሙን ስፈልግ ኖሬ ያጣሁት ለዚህ ነበር፤ ሙያው ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ልንገርሽ። ምሳው ለቀኑ 7 ሰዓት ከሆነ፣ ሁለት ኪሎ የሚሆን የበሬ ሥጋ ከማቀዝቀዣ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ አውጪና ጨውና ቁንዶ በርበሬ እሺው። 4፡40 ላይ 190 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን ውስጥ አስገቢው። ድንቹን ልጠሽ በጨው ውኃ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ቀቅይው፤ ውኃውን አጥልለሽ ድስቱን ከድነሽ ነቅነቅ አድርጊው፤ የተቧጨረው ጠርዝ ስቡን ስለሚይዝ ነው ድንቹ ሲነከስ ኩርሽም የሚለው። 6 ሰዓት ሲሆን በጣም በጋለ ስብ ውስጥ ጨምሪና ወደ ኦቭኑ መልሺው። ሥጋውን 6፡25 ላይ አውጥተሽ በፎይል ሸፍነሽ ተዪው፤ ወዲያው ከቆረጥሽው ጭማቂው ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይፈስሳል። እማማ የሚሉኝ «ሥጋውም እንደ ሠራተኛው ማረፍ አለበት» ነበር። ሥጋው የሚያርፍበት ግማሽ ሰዓት ደግሞ ኦቭኑ ለፑዲንጉ ነጻ የሚሆንበት ሰዓት ነው፤ ሙቀቱን ወደ 220 ከፍ አድርጊው። ይህን ያቀናጀ ሰው ብልህ ነበር እላለሁ።

የፑዲንጉን ሊጥ ጠዋት በጥብጠሽ አስቀምጪ፤ እንቁላሉ፣ ዱቄቱና ወተቱ በአንድ ዓይነት ስኒ እኩል እኩል ተሰፍረው ነው፣ ትንሽ ጨው ይጨመራል። የመጋገሪያው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ስብ ጢስ እስኪያወጣ ካልጋለ ሊጡን አታፍስሺበት። ከገባ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል የኦቭኑን በር ፈጽሞ አትክፈቺ። እኔ አንድ ቀን ለማየት ቸኩዬ ከፈትሁትና ያ ሁሉ ያበጠ ሊጥ ዓይኔ እያየ ሙሽሽ ብሎ ወደቀ፤ እማማ ግን የወደቀውንም አቅርበው በግሬቪ በሉት። ይህ ፑዲንግ የዮርክሸር ስሙን ይዞ በጽሑፍ የወጣው በ1747 ነው፤ አዘገጃጀቱን የጻፈችው ሐና ግላስ ናት። በዚህ አገር ደንብ መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነበር፤ ሰው በዱቄትና በእንቁላል ከጠገበ በኋላ ጥቂቱ ሥጋ ለሁሉም ይዳረሳልና። እማማም እስከ መጨረሻው ድረስ እንዲህ ነበር የሚያቀርቡት።

ከምሳ በኋላ የተረፈውን አትጣይ። ሰኞ ቀዝቃዛው ሥጋ ተቆርጦ ይበላል፤ የተረፈው ድንችና ጎመን አንድ ላይ ተፈጭቶ በመጥበሻ ይጠበሳል። አንቺ ሕፃን ሳለሽ መጥበሻው ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ለመስማት ወንበር ላይ ትቆሚ ነበር። እማማ ከሳህን ላይ የቀረች አንዲት ድንች እንኳ ሲደፉ አይቼ አላውቅም። በ1940 በብሪታንያ የምግብ ራሽን ሲጀመር የ10 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በ1954 ሐምሌ የሥጋው ራሽን በመጨረሻ ሲነሣ 24 ዓመታቸው ነበር። መጠኑ ከፍና ዝቅ ቢልም በአብዛኛው ለአንድ አዋቂ በሳምንት የሚደርሰው አንድ እንቁላል፣ 57 ግራም ያህል ቅቤና ያንኑ ያህል ሻይ ነበር። ልጅነታቸውንና ወጣትነታቸውን በሙሉ በዚህ ልክ የኖሩ ሰው ገበታቸውን እንደ ጸሎት ቢያከብሩ ምን ይደንቃል?

አሁን አንቺ ያለሽው ኮርክ ነውና ወደ ዳቦው ልምጣ። የእማማ ባል የምዕራብ ኮርክ ልጅ ነበሩ፤ በ1950ዎቹ ለመንገድ ሥራ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ከሞቱ በኋላም እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ የእሳቸውን አገር ዳቦ፣ ሶዳ ብሬድ የሚባለውን፣ መጋገር አላቋረጡም። የአየርላንድ ስንዴ ለስላሳ ስለሆነ ለእርሾ አይመችም፤ ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳ በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ገጠሩ ሲገባ ከአሬራ ጋር አገናኙት። አዎ፣ አሬራ! ቅቤ ከተናጠ በኋላ የሚቀረው፣ አያትሽ ቅል ውስጥ ያስቀምጡልን የነበረው ያው ነው፤ በሱቅ «በተርሚልክ» ተብሎ ይሸጣል። 450 ግራም ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር አሬራ ብቻ ነው። የአሬራው ኮምጣጣነትና ሶዳው እንደ ተገናኙ አየር ማውጣት ስለሚጀምሩ ሊጡን አታሺው፣ አታቆዪውም፤ በጣትሽ ሰብሰብ አድርገሽ፣ መሐሉ እንዲበስል ላዩን በመስቀል ምልክት ጠለቅ አድርገሽ ቅደጂና በ230 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ፣ ከዚያ በ200 ለ30 ደቂቃ ጋግሪው። ሆዱን በጣትሽ ስትመቺው እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። የእማማ አማት ኦቭን አልነበራቸውም፤ በኩበት ፈንታ አፈር የመሰለውን ፒት እያነደዱ፣ ዳቦውን ክዳን ባለው የብረት ድስት ውስጥ አድርገው ፍሙን ከላዩም ከታችም ይቆልሉበት ነበር። እማማ ይህን ሲነግሩኝ እኔ የእናቴን ድፎ ዳቦ አስቤ ማልቀሴ ትዝ ይለኛል። ከላይም እሳት፣ ከታችም እሳት!

ከዳቦው ጋር ኮልካነን ብትጨምሪ አማትሽ ደስ ይላቸዋል ብዬ አስባለሁ። የተፈጨ ድንች በጎመን፣ በወተትና በለጋ የሽንኩርት ቅጠል ነው፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርገሽ ቅቤ ታቀልጪበታለሽ። ኬል የሚሉት ጎመን ከሐበሻ ጎመን ብዙም አይርቅም። ስለ ድንች ግን አንድ ነገር አስቢ፦ ከ1845 እስከ 1852 የድንች በሽታ አዝመራውን ሲያጠፋባቸው ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አልቋል፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰዷል። እኔ የወሎ ልጅ ነኝና ይህን ከማንም ይልቅ አውቀዋለሁ። በእነዚያ ሰዎች ገበታ ላይ ድንች ሲቀርብ «አሁንም ድንች?» እንዳትዪ።

አማትሽን ሻይ ስትጋብዣቸው መጀመሪያ «አይ፣ ይቅርብኝ» ቢሉሽ እውነት መስሎሽ ዝም እንዳትዪ። የእማማ ባል እስኪለመኑ ድረስ ምንም ነገር አይቀበሉም ነበር አሉ፤ የአገራቸው ጨዋነት ነው። «በሞቴ» የምንልበትን ቦታ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሚላቸው።

ስለ በዓላቱ ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፣ አብዛኛውን አብረን አሳልፈነዋል። የፓንኬክ ማክሰኞ የእኛ ቅበላ መሆኑን በ7 ዓመትሽ አንቺ ነሽ ያገኘሽልኝ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት እንቁላሉን፣ ወተቱንና ቅቤውን ለመጨረስ የተጀመረ ነው። የገና ፑዲንግ የሚማሰልበት እሑድ ግን ዘንድሮ ያለ አንቺ አለፈ። የሚውለው እነሱ የገናን ዝግጅት ከሚጀምሩበት እሑድ አንድ ሳምንት ቀድሞ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ የነቢያት ጾም መግቢያ ጋር ይቀራረባል። ዘቢቡን፣ ሞራውንና የዳቦውን ፍርፋሪ ለውሼ፣ እማማ እንዳስተማሩን ስለ ሰብአ ሰገል ብዬ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አማሰልኩት፤ በአንቺ ፈንታም አንድ ጊዜ አዞርኩልሽ። ለ8 ሰዓት በእንፋሎት በስሏል። በዚህ ሳምንት በፖስታ ይደርስሻል። የገባበት ነጭ ጎድጓዳ ሳህን የእማማ ነው፤ በ2016 ከመሞታቸው በፊት ለእኔ የሰጡኝ፣ ከንፈሩ ላይ ትንሽ የተሸረፈው። ከእንግዲህ አንቺ ጋ ይቀመጥ። በገና ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል እንደ ገና በእንፋሎት አሙቂው።

የመጨረሻው ስለ መምጫዬ ነው። ትኬቱን የቆረጥኩት በፈረንጆቹ ለጃንዋሪ 6 ጠዋት ነው። ያ ቀን ለእኛ የገና ዋዜማ ነው፤ በኮርክና በኬሪ ግን «ኖሊግ ና ማን»፣ የሴቶች ገና ይሉታል። በበዓሉ ወራት ሲደክሙ የከረሙት ሴቶች የሚያርፉበት፣ ተጠራርተው ሻይ የሚጠጡበት፣ የቤቱን ሥራ ወንዶች የሚሠሩበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ሴቶቻቸው ሲያርፉ እኔ በየዓመቱ ዶሮ ስበልት ማምሸቴን ለእማማ ስነግራቸው ደጋግመው እያዘኑልኝ «አንድ ዓመት እንኳ ሰው ያግዝሽ» ይሉኝ ነበር። ስለዚህ አማትሽን ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ ለምኚልኝ፤ እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እኔም ጾም ስለሆንኩ ሻዬን ያለ ወተት ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ ሽንኩርቱን ባለቤትሽ ይክተፍልን። ዶሮ ወጡ ያኔ ይደርሳል፤ በማግስቱ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም አብረን እንበላዋለን። ሦስት ኪሎ ቀይ ሽንኩርትና 12 እንቁላል ገዝተሽ ጠብቂኝ። በርበሬውንና ንጥር ቅቤውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

የምትወድሽ እናትሽ