ለልጆች ተብሎ ስለተሸጠልን የሃሎዊን ትኬት የቀረበ ቅሬታ

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ የአምስት ሰው የፓርቲ ትኬት ገንዘብ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ ኦርላንዶ ፍሎሪዳ ለሚደረግ የሃሎዊን ፓርቲ ከእናንተ የአምስት ሰው ትኬት ገዝተን ነበር። የተሸጠልን ትኬት የጠየቅነው አልነበረም። በስልክ ሳመለክት «ፖሊሲው አይፈቅድም» ተብሎ ስለተዘጋብኝ አሁን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ማስታወቂያችሁን ያየነው በቴሌግራም ቻናላችሁ ነው። ዱባ ያቀፉ ሕፃናት ፎቶ አለበት። ከሥሩ «የሃሎዊን ምሽት በኦርላንዶ፣ ለመላው ቤተሰብ» ይላል። ቢሯችሁ ስንመጣ ባለቤቴ ሠራተኛችሁን በግልጽ ጠየቀቻት። ልጆቻችን የ7 እና የ4 ዓመት ናቸው፤ ይሆናቸዋል ወይ? ኮስትዩም ለብሰው መግባት ይችላሉ ወይ? ከረሜላ ይታደላል ወይ? ለሁሉም የተሰጠን መልስ «አዎ፣ ምንም አታስቡ» የሚል ነበር። በኋላም ያንኑ በጽሑፍ መልእክት ደግማልናለች። ቅጂውን አያይዣለሁ።

እንግዲህ ትኬት መሸጥ ሥራችሁ ነውና የምነግራችሁን ከእኔ በፊት ልታውቁት ይገባ ነበር። ኦርላንዶ ውስጥ በሃሎዊን ሰሞን ስማቸው የገነነ ሁለት የፓርክ ዝግጅቶች አሉ። አንደኛው ዲዝኒ በማጂክ ኪንግደም ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያዘጋጀው «ሚኪስ ኖት-ሶ-ስኬሪ ሃሎዊን ፓርቲ» ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል። ትኬቱ ያለው ሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ መግባት ይችላል። ልጆች ኮስትዩም ለብሰው፣ ከረጢት ይዘው፣ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየሄዱ ከረሜላ ይቀበላሉ። ትልልቆችም መልበስ ይፈቀድላቸዋል፤ ጭምብል ግን ከ14 ዓመት ጀምሮ ክልክል ነው። እዚያም ቢሆን ከትርኢቱ ሰልፍ ፊት ራስ የሌለው ፈረሰኛ ይጋልባል። ከዚያ የባሰ ግን የለም።

ሁለተኛው የዩኒቨርሳል «ሃሎዊን ሆረር ናይትስ» ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በሌላ ስም ተጀምሮ እስከ ዛሬ የዘለቀ ትልቅ ዝግጅት ነው። በወዳጆቹ ዘንድ በጣም ይወደዳል፤ ሰው ከሌላ አገር ድረስ ይመጣለታል። ግን የተሠራው መፍራት ለሚወዱ ትልልቅ ሰዎች ነው። የማስፈራሪያ ቤቶች አሉት። በጭስ የተሞላ መንገድ ላይ ደም የተቀቡ ተዋንያን ሰው ያባርራሉ። መጠጥ ይሸጣል። ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች እንደማይመከር ፓርኩ ራሱ ያሳውቃል። ኮስትዩምና ጭምብል ለማንም አይፈቀድም። ከረሜላ የሚታደልበትም ዝግጅት አይደለም።

የሁለቱ ባለቤት የተለያየ፣ ፓርኩ የተለያየ፣ ትኬቱ የተለያየ ነው። ባለቤቴ የጠየቀቻችሁን ለሰማ ሰው የምትፈልገው የመጀመሪያውን እንደሆነ አያጠራጥርም። እናንተ የሸጣችሁልን ሁለተኛውን ነው። ሰውን ለሰርግ ጠርቶ ለቅሶ ቤት እንደ መላክ ነው።

በዚያ ላይ የባለቤቴ እናት አብረውን ነበሩ። የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከደብረ ብርሃን የመጡ ናቸው። ሃሎዊን የሚባለውን ነገር ስናነሳ ገና አማተቡ። «በዓርብ፣ በማርያም ቀን፣ ያውም በጽጌ ጾም! ምን ጉድ ነው?» አሉ። እኛም ተራ በተራ ለመንናቸው። ልጆች ንብና አንበሳ መስለው ከረሜላ የሚለምኑበት ጨዋታ ነው፣ ምንም የሚያስፈራ የለውም አልናቸው። ይህን ያልነው የእናንተን ቃል አምነን ነው። የሚበሉት የጾም ምግብ ቋጥረን፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርተን ሄድን።

በሩ ላይ ስንደርስ ወረፋው ውስጥ ሌላ ትንሽ ልጅ አላየንም። ያኔ ጠረጠርኩ። የፍተሻ ሠራተኛዋ ልጆቹን አይታ ኮስትዩም እንደማይፈቀድ ነገረችን። በጣም ትሑት ነበረች፤ በፓርኩ ላይ ቅሬታ የለኝም። «ይህ ዝግጅት ለትንንሽ ልጆች አይመከርም፣ ታውቃላችሁ አይደል?» ብላም ጠየቀችን። ከየት እንወቅ! ልጄ ለሳምንታት ስትጠብቀው የነበረውን የንብ ክንፍ ራሴ አወለቅሁባት። አንበሳውም ጎፈሩን አስረከበ። አማቴ ብቻ በነጠላቸውና በሐበሻ ቀሚሳቸው ማንም ሳይነካቸው አለፉ።

ገና በሩ ጋ ሳለን፣ በደረሰኙ ላይ «ለድንገተኛ ጉዳይ» ወዳላችሁት ስልክ ደወልኩ። ይህን በደንብ አንብቡልኝ፤ ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይኸው ነው። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛችሁ ነገሩን ሳያጣራ «ግቡ፣ ውስጥ ለልጆች የተለየ ቦታ አለ፣ ከረሜላውም እዚያ ነው» አለኝ። እንዲያ ያለ ቦታ የለም። ያኔ «ተሳስተናል፣ አትግቡ» ቢለኝ ኖሮ ልጆቹን ይዤ እመለስ ነበር። ጉዳቱም በገንዘብ ብቻ ይቀር ነበር።

ገባን። ጥቂት እንደሄድን ከጭሱ ውስጥ አንድ ሰው ሞተር መጋዝ እያስጓራ ብቅ አለ። የመጋዙ ሰንሰለት የወለቀ መሆኑን እኔ አውቃለሁ። ለ4 ዓመት ልጅ ይህን ማን ያስረዳዋል? አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ጮኸ። እህቱ ደግሞ አያቷ ነጠላ ውስጥ ገባች። አማቴ «በስመ አብ!» ብለው በመቋሚያቸው መንገድ ሊያስለቅቁ ሞከሩ። ተዋናዩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ልጆቹን ሲያይ መጋዙን አጥፍቶ ገለል አለ። የመጣንበትን መንገድ ይዘን ወጣን።

ዲዝኒ ጋ ደግሞ እንሞክር ብለን በስልካችን አየን። የዚያ ምሽት ትኬት ቀድሞ አልቋል። የገዛነው ትኬትም ለዚያ ምሽት ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ዛሬ ካለፈ አለፈ። ልጆቹ ከረሜላቸውን ሆቴሉ አጠገብ ካለ ነዳጅ ማደያ ገዝተንላቸው ተኙ። ትንሹ አሁንም መብራት ሲጠፋ ይነቃል። አማቴም እኛ ስለ አሜሪካ የምንነግራቸውን ማንኛውንም ነገር ከጎረቤት ሳያጣሩ አይቀበሉም።

ከጉዞው መልስ ስደውል ሁለት ነገር ተባልኩ። አንደኛው «ሃሎዊን ሁሉም ያው ነው» የሚል ነው። ያው እንዳልሆነ ከላይ ጽፌያለሁ። ሁለተኛው ትኬቱ አይመለስም የሚል ነው። ፓርኩ የሸጠውን ትኬት እንደማይመልስ አውቃለሁ፤ ፓርኩን አልጠየቅኩም። የምጠይቀው እናንተን ነው። ፓርኩ ያለውን ሳይሸሽግ ጽፎ አስቀምጧል። ያላነበባችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያላነበባችሁትንም ዋስትና ሰጥታችሁ ሸጣችሁ።

ስለዚህ የአምስቱን ትኬት ሙሉ ዋጋና የወሰዳችሁትን የአገልግሎት ክፍያ እንድትመልሱልን እጠይቃለሁ። የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን አልጠይቅም፤ ልጆቹ በማግስቱ ሆቴሉ መዋኛ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ውለዋል። ማስታወቂያውም ይስተካከል። የሕፃናቱ ፎቶ ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ድረስ ከዚያው ትኬት በላይ እንደተለጠፈ ነው። ልጅ ይዞ የሚሄድ ሌላ ቤተሰብ እንዳይታለል ዛሬውኑ አውርዱት። ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛም ያላወቀውን «ቆይ ልጠይቅ» ማለት ይልመድ።

የከፈልነው በክሬዲት ካርድ ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት በተስማማነው መሠረት ያልቀረበልንን አገልግሎት ክፍያው ያለበት የሒሳብ መግለጫ ከተላከልን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ መቃወም እንችላለን። ቀኑ ከማለፉ በፊት እናደርገዋለን። ለሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል የሚገባ አቤቱታም አዘጋጅቻለሁ። እስካሁን ያላስገባሁት ሰፈራችን አንድ ስለሆነና በሐዘንም በደስታም ስለምንገናኝ፣ መጀመሪያ በእናንተ በኩል ያልቅ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።

መልሳችሁን እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ እጠብቃለሁ። እባካችሁ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
ትኬቱን የገዛሁት ደንበኛችሁ
(ሙሉ ስሜና አድራሻዬ በተያያዘው ደረሰኝ ላይ አለ)

አባሪ፦ የክፍያ ደረሰኝ፣ ከሠራተኛችሁ የተላከልን የጽሑፍ መልእክት ቅጂ፣ የቴሌግራም ማስታወቂያው ፎቶ