ልጅሽን ሕዝቅያስ ስትይው

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ድካሙ ቀለል አለሽ? ባለቤትሽ በስልክ «የሚወለደው ወንድ ነው፣ ስሙን ሕዝቅያስ ልንለው ነው» ሲለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። ጥሩ ስም ነው። ግን በስልክ ያወራነው አልበቃኝም። ልጁ አድጎ «ሕዝቅያስ ማነው?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ የምትመልሺለት እንዳይጠፋሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ሰው ሁሉ የሚነግርሽ አንዱን ታሪክ ነው። ንጉሡ ታመመ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፣ እግዚአብሔርም 15 ዓመት ጨመረለት። ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ስብከት ይኸው ነው። እውነትም ያጽናናል። እኔን ግን ዕድሜዬ በገፋ ቁጥር የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በተጨመሩለት ዓመታት ምን አደረገ? ለልጆቹስ ምን ተወላቸው?

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ሕዝቅያስ በይሁዳ ላይ የነገሠው በ25 ዓመቱ ነው። ኢየሩሳሌም ተቀምጦ 29 ዓመት ገዛ። አባቱ አካዝ ደግ አባት አልነበረም። የገዛ ልጁን በእሳት እንዳሳለፈ መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ይናገራል። ከእንዲህ ያለ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ መውጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የአባቱን ስም ግን አልጣለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በተደረገ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የጭቃ ማኅተም ላይ «የይሁዳ ንጉሥ፣ የአካዝ ልጅ ሕዝቅያስ» ተብሎ ተጽፏል።

እንደነገሠ የኮረብታ መስገጃዎቹን አፈረሰ። ድፍረቱ ከሁሉ በላይ የታየው ግን በናሱ እባብ ላይ ነው። ያ እባብ ከባዕድ የመጣ ጣዖት አልነበረም። ሙሴ ራሱ በምድረ በዳ የሠራው ነው። ሕዝቡ እያደር ዕጣን ያጥንለት ጀመር። ሕዝቅያስ ሰባበረው። የጠላትን ጣዖት ማን ያቅተዋል? አያት ቅድመ አያት ያከበሩትን መንካት ነው ወኔ የሚጠይቀው።

በዚያ ዘመን አገሩን ሁሉ የሚያስጨንቀው አሦር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ በሰሜን ያለችው ሰማርያ ወደቀች። ሕዝቧም ተማርኮ ተወሰደ። ቀጥሎ ተራው የማን እንደሆነ ሕዝቅያስ አላጣውም። ለአሦር መገበሩን ተወና ከተማዋን ማዘጋጀት ያዘ። ዛሬ በአሮጌዋ ኢየሩሳሌም፣ በአይሁድ ሰፈር፣ 7 ሜትር ውፍረት ያለው የግንብ ቅሪት አለ። ተቆፍሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ሊቃውንቱ የሕዝቅያስ ዘመን ሥራ ነው ይላሉ። ግንቡ የተዘረጋው በሰው መኖሪያ ቤት ላይ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስም ቅጥሩን ለማጽናት ቤቶችን አፈረሳችሁ ብሎ ወቅሷቸዋል። ይህን ሳነብ ዕቃቸውን ተሸክመው ከቤታቸው የወጡት ሰዎች ይታዩኛል። ስማቸውን የጻፈላቸው የለም።

ከግንቡ ይልቅ ልቤን የሚነካው ውኃው ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከግዮን ምንጭ ነበር። ምንጩ ያለው በምሥራቅ በኩል፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ጠላት ከተማዋን ከበበ ማለት ውኃውን ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ ዓለቱን ሰርስረው 533 ሜትር ዋሻ አወጡ። ውኃው በከተማዋ ሥር አልፎ ሰሊሆም ይደርሳል። አዎ፣ ያው ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ታጥቦ ያየባት ሰሊሆም።

ቆፋሪዎቹ ሁለት ቡድን ነበሩ። አንዱ ከምንጩ፣ ሌላው ከታች ተነሥተው መሐል ላይ ተገናኙ። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው። ግድግዳው ላይ ጽፈውት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1880 ተገኘ፤ ዛሬ ያለው ኢስታንቡል፣ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስድስት መስመር ብቻ ነው። ሦስት ክንድ ሲቀር አንዱ ባልንጀራውን ሲጣራ ድምፁ ተሰማ ይላል። ከዚያ ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት እየመቱ ተገናኙ። ውኃውም 1,200 ክንድ ፈሰሰ። እስቲ አስቢው። ከራስሽ በላይ 100 ክንድ ዓለት ተጭኖ፣ ከወዲያ በኩል የሰው ድምፅ ስትሰሚ! ጽሑፉ ላይ የንጉሥ ስም የለም። የሠራተኞቹ ደስታ ብቻ ነው ያለው። ሥራው የሕዝቅያስ መሆኑን የሚነግረን ሁለተኛ ዜና መዋዕል ነው፤ የግዮንን ውኃ ወደ ዳዊት ከተማ ያወረደው እሱ ነው ይላል። ውኃው ዛሬም ይፈስሳል። ጎብኚ ውስጡ እየተራመደ ያልፋል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም መጣ። ይህን ለማየት አንቺ ከእኔ ትቀርቢያለሽ፤ ማስረጃው ያለው እዚያው ለንደን ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ግቢና ለኪሶ የተቀረጸችበት ክፍል የት እንደሆነ ጠይቂ። መግቢያው በነጻ ነው። ለኪሶ ከኢየሩሳሌም ቀጥላ የይሁዳ ትልቋ ምሽግ ነበረች። ሰናክሬም እንዴት እንደያዛት በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀርጾ ነበር። ወታደሮቹ የወጡበት የአፈር መወጣጫ፣ ግንብ መደርመሻው፣ ከላይ የሚወረወረው ችቦ፣ ሁሉም አለ። አንቺ ግን ከተማዋን ለቀው የሚወጡትን እዪ። በሬ የሚጎትተው ጋሪ ላይ፣ ከጓዙ በላይ፣ ሴቶችና ሕፃናት ተቀምጠዋል። ሰናክሬም ዙፋኑ ላይ ሆኖ ምርኮኛው በፊቱ ሲያልፍ ያያል።

ሰናክሬም ዘመቻውን ያስጻፈበት ባለ ስድስት ማዕዘን ሸክላም እዚያው ሙዚየም አለ። 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝሁ ይላል። ሕዝቅያስንም እንደ ወፍ አጉሬ ኢየሩሳሌም ውስጥ ዘጋሁበት ይላል። ገባሁባት ግን አይልም! ከሕዝቅያስ ተቀበልሁ የሚለው ወርቅ 30 መክሊት ነው። መጽሐፍ ቅዱስም የሚለው 30 መክሊት ነው። ጠላትና ወገን በአንድ ቁጥር ሲስማሙ ደስ ይላል። ግብሩን ለመሙላት ሕዝቅያስ ራሱ በወርቅ ያስለበጠውን የቤተ መቅደስ በር ገፍፎ ሰጠ።

አሦራዊው ግን በወርቁ አልረካም። ራፋስቂስ የሚባለው ሹም ቅጥሩ ሥር ቆሞ ይዝት ጀመር። የሕዝቅያስ ሰዎች «ሕዝቡ እንዳይሰማ በሶርያ ቋንቋ ንገረን» ብለው ለመኑት። እሱ ጭራሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአይሁድ ቋንቋ ቀጠለ። ሕዝቡ አንድ ቃል አልመለሰም፤ ንጉሡ «አትመልሱለት» ብሎ ነበርና። ሕዝቅያስ የዛቻውን ደብዳቤ ይዞ ቤተ መቅደስ ገባና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው። የሆነውን ታውቂዋለሽ። የአሦር ሠራዊት በአንድ ሌሊት ተመታ፣ ሰናክሬምም ወደ ነነዌ ተመለሰ። በኋላ የገደሉት የገዛ ልጆቹ ናቸው።

አሁን ወደ 15ቱ ዓመታት ልምጣ። ሕዝቅያስ ከበሽታው ሲድን ከባቢሎን መልእክተኞች ገጸ በረከት ይዘው መጡ። እሱም ግምጃ ቤቱን፣ ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ የጦር ዕቃውን አንድ ሳያስቀር አሳያቸው። ኢሳይያስ መጥቶ ምን እንዳዩ ጠየቀው። «ያላሳየኋቸው የለም» አለ። ነቢዩም ይህ ሁሉ ወደ ባቢሎን ይወሰዳል፣ ከአብራክህ የሚወጡ ልጆችም ተወስደው በባቢሎን ንጉሥ ቤት ጃንደረባ ይሆናሉ አለው። የሕዝቅያስ መልስ ምን ነበር? የተናገርኸው መልካም ነው፣ በእኔ ዘመን ሰላም ከሆነ ምን አለ የሚል ነው።

አንዳንድ መምህራን ይህን ትሕትና ነው፣ የእግዚአብሔርን ፍርድ መቀበሉ ነው ይላሉ። እኔ ግን እናት ነኝና አልዋጥልሽ አለኝ። ለራሱ ሞት ግድግዳ ዞሮ ያለቀሰ ሰው ነው። ለልጆቹ ምርኮ አንዲት እንባ አላወጣም። አንዴ በልመና ዕድሜ ያስጨመረ ሰው ስለ ልጆቹ ሁለተኛ ቢለምን ምን ነበረበት?

ልጁ ምናሴ የነገሠው በ12 ዓመቱ ነው። እንግዲህ አስሊው፤ የተወለደው በተጨመሩት ዓመታት ውስጥ ነው። 55 ዓመት ገዛ፣ አባቱ ያፈረሰውን ሁሉ መልሶ ሠራ። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈ «ዕርገተ ኢሳይያስ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ታሪኩ የሚጀምረው ሕዝቅያስ በነገሠ በ26ኛው ዓመት ምናሴን ሲያስጠራው ነው። ያኔ ልጁ 9 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ኢሳይያስ «በዚህ ልጅ እጅ በመጋዝ እሰነጠቃለሁ» ሲል ሕዝቅያስ ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ። ልጁን ሊገድለውም አሰበ፤ ነቢዩ ከለከለው። በዚህኛው መጽሐፍ ስለ ልጁ ማልቀሱን ባገኝም እንባው ወዴት እንዳዘነበለ ሳይ ደነገጥሁ።

ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597፣ የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር የሕዝቅያስን ዘር ዮአኪንን በ18 ዓመቱ ማርኮ ወሰደው። ግምጃ ቤቱም አብሮ ሄደ። ባቢሎን ውስጥ በተገኙ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪንና 5 ልጆቹ የሚሰፈርላቸው ዘይት ተመዝግቧል። ንጉሣውያኑ የዘይት ቀለብ ይጠብቁ ነበር።

እናም ልጄ፣ ስሙን አውጡለት፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ዋሻውን ስትተርኪለት ምናሴን አትዝለይበት። ሙዚየሙ ሳትወልጂ ሂጂ፣ በኋላ ጊዜ አታገኚም። ከባለቤትሽ ጋር ሂዱ፣ ብዙ አትቁሚ። ቪዛው ከተሳካ ለ40 ቀኑ ክርስትና እደርሳለሁ። በርበሬውና ሽሮው ተዘጋጅቷል።

የምትወድሽ እናትሽ