ስፒከር የሌለው ሎጅ የሚያውቅ አለ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገዛው ባለቤቴ ነው። እኔ የማነበው እሁድ ነው፣ ቡና እስኪፈላ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ስለ እረፍት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ስለ ስፒከር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከእህቴ ነው። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ነርስ ናት። በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ትመጣለች። "ለእረፍት ነው የመጣሁት" ትላለች፤ የምታርፈው ግን አውሮፕላን ላይ ብቻ ነው። ከቦሌ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ አክስት ቤት፣ ክርስትና እናት ቤት፣ ያልደረሰችበት ለቅሶ፣ የወለደች ጎረቤት። በየቤቱ ዶሮ ወጥ ይቀርባል። ትንሽ ከቀመሰች "ምነው፣ ንቀሽን ነው?" ይመጣል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ትከርምና ሁለት ኪሎ ጨምራ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ትመለሳለች።

ባለፈው ስትመጣ ቢያንስ ሦስት ቀን እናሳርፋት ብለን አንድ ሐይቅ ዳር ወዳለ ሎጅ ይዘናት ወረድን። የሐይቁንም የሎጁንም ስም አልጠራም። ቦታው ሲያምር! ግራሩ፣ ወፉ፣ ውሃው። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ዓሣ ጉላሹም አንደኛ ነው። ግን መመገቢያው በረንዳ ላይ የእኔን ቁመት የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች ቆመዋል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተከፈቱ። ምሳ ላይ እማዬ ጨው እንዳቀብላት በእጇ ምልክት ነው ያሳየችኝ። ቅዳሜ ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የአልጋው ራስጌ ሲንቀጠቀጥ አደረ። ባለቤቴ ተነስቶ ሄዶ ኃላፊውን ለመነው። ልጁ ትሑት ነው፣ አልተቆጣም። "ጋሼ፣ ሙዚቃ ከሌለ እንግዳው ቤቱ የተዘጋ ይመስለዋል" አለው።

ይቺ አባባል ቤታችን ውስጥ ቀርታለች። ቴሌቪዥን ሲጠፋ ባለቤቴ "ቤቱ ተዘጋ እንዴ?" ይላል።

እህቴ ግን አልሳቀችም። ዘንድሮ ደውላ "እኔ አዲስ አበባ አልመጣም፣ እናንተ ኑ" አለችን። ወዴት? ኬንያ፣ ዲያኒ የሚባል የባሕር ዳርቻ። አብራት የምትሠራ ኬንያዊት ነርስ ነግራት ነው። ቤቱን እሷ ልትከፍል፣ የአውሮፕላኑን እኛ ልንችል ተስማማን። ለቪዛ መሰለፍ የለም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችንን ይዘን ሐምሌ 27 ቀን፣ አዲስ አበባ በዝናብና በጭቃ ተጨማልቃ ሳለ፣ በአየር መንገዳችን ሞምባሳ ወረድን።

እማዬ መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። "ፍልሰታን በሰው አገር? ቅዳሴ ሳልስም?" አለች። እውነቷን ነው፤ ጾሙ እዚያው እያለን ይገባል። ያሸነፋት ባሕር የሚለው ቃል ነው። በ1963 ዓ.ም. አባታችን አስመራ ቴሌ ሲሠራ እሷ አዲስ ሙሽራ ነበረች። አንድ እሁድ ሊቶሪና በሚሉት ባቡር ምጽዋ ወርደዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ጋቢ ለብሰው ተነስተው፣ ታች ሲደርሱ ጋቢውን የሚያስቀምጡበት ጠፍቷቸው ሲሳሳቁ የዋሉበትን ቀን ልጅ ሆነን ስንሰማ ነው ያደግነው። ከዚያ ወዲህ ባሕር አይታ አታውቅም። ስለ ባሕር በር የሚባለውን ሁሉ ለሚያውቁት ትቼዋለሁ፤ እኔ የማወራው ስለ እናቴ እግር ነው።

ሞምባሳ ከተማው ደሴት ላይ ነው ያለው። ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው ሊኮኒ ላይ በትልቅ ጀልባ ይሻገራል። እግረኛ በነፃ ነው፣ መኪና ይከፍላል። ሕዝቡ ሲጎርፍ መርካቶ ተነስቶ ውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ከዚያ ወደ ሰላሳ ኪሎ ሜትር ግድም ነው ዲያኒ።

ግቢው ውስጥ ስድስት ቤቶች አሉ፣ በባኦባብ ዛፎች መሀል። ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ጣሪያው ማኩቲ የሚሉት የዘንባባ ቅጠል ክዳን። እማዬ ቀና ብላ አየችና "ሳር ቤት ለማየት ነው ይሄን ሁሉ ያለፋችሁኝ?" አለች። አልጋው ላይ ትልቅ አጎበር ተንጠልጥሏል። በረንዳው ላይ ምንጣፍ፣ ከበረንዳው ሃምሳ እርምጃ ሲሄዱ ነጭ አሸዋ። ቴሌቪዥን የለም። ስፒከር የለም።

መጀመሪያ ቀን ምን እንደምናደርግ ጠፋን። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ተጣጥቦ ሸሚዙን ቆልፎ ይወጣና "ዛሬ ፕሮግራማችን ምንድነው?" ይላል። እህቴ "የለም" ትለዋለች። ሰዓቱን ያያል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ሦስት ቀን እንዲህ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በረንዳው ምንጣፍ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ አገኘሁት። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ በቀን ሲተኛ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ታሞ ከሆነ ብዬ ግንባሩን ነካሁት።

ልጆቹ ግን ወዲያው ሥራ አገኙ። ጠዋት ደጃፋችን ድረስ የነበረው ባሕር ከቀትር በኋላ ሄዷል! የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ እየጮኸ መጣ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ በማግስቱ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ልጄ በሒሳብ ደብተሩ ጀርባ ሰዓቱን መመዝገብ ጀመረ። የእህቴ ልጅ አማርኛው "እሺ"ና "በቃ" ላይ ያለቀ ነው፤ ደብተሩን አብሮ ሲሞላ ግን "ሄደ"፣ "መጣ"፣ "ገና ነው" የሚሉትን ጨመረ። ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋያማው ወለል ይገለጣል፣ በየጉድጓዱ ውሃ ይቀራል። ኮከብ ዓሣ አለ፤ እንደ ጃርት እሾሁን ያቆመ ጥቁር ነገር አለ፣ እሱን መርገጥ አይገባም። ወንዶች ረጅም ዘንግ ይዘው ኦክቶፐስ ከየጉድጓዱ እየነቀነቁ ያወጣሉ። ማዕበሉ ከሩቅ፣ ኮራል የሚሉት የባሕር ዓለት ላይ ተሰብሮ ነጭ መስመር ሠርቶ ይታያል። የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ሌሊትም እሱ ነው።

ሰዓትን ካነሳሁ አይቀር የእህቴን ጉድ ልንገራችሁ። ወጥ ቤቱ ሰውዬ "ነገ ዓሣ ሻጩ በሦስት ሰዓት ይመጣል" አላት፣ በእንግሊዝኛ። ዓሣ ሻጮቹ በብስክሌት በየግቢው ይዞራሉ። እህቴ ከሰዓት በኋላ ገንዘቧን ይዛ በር ላይ ቆመች። ሰውዬው የለም። ለካ ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው! ንጋት አሥራ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰዓቱንም "ሳ" ይሉታል። እማዬ ከሁላችን ቀድማ ገብቷታል፤ ዓሣ ሻጩን በጠዋቱ ሦስት ሰዓት አይታው ነበር። "አንቺ ነሽ አሜሪካ ሄደሽ የጠፋሽው" አለቻት።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። እማዬ ዓሣም አትነካም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም ውሃ አትቀምስም። ወጥ ቤቱ እስላም ነው፤ ጾም ሲባል ማስረዳት አላስፈለገንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሩዝና ባቄላ የመሰለ ቦሎቄ ይዞ መጣ። መረቁ ነጭ ነው። እማዬ ማንኪያውን አስቀመጠች። "ወተት ነው" አለች። "ናዚ" አላት፣ ኮኮናት ማለቱ ነው። አላመነችውም።

እሱም አልተከራከረም። ከኩሽና አንዲት አጭር የእንጨት በርጩማ አመጣ። ጫፏ ላይ እንደ ምላስ የወጣ ጥርስ ያለው ብረት አላት። ምቡዚ ትባላለች፣ ፍየል ማለት ነው። በፍየሏ ላይ ቁጭ አለ። ኮኮናቱን በቢላ ጀርባ መትቶ ለሁለት ከፈለው፣ ውሃውን ለልጆቹ ሰጠ። ከዚያ ግማሹን በሁለት እጁ ይዞ ብረቱ ላይ ያዞረው ጀመር፤ ነጭ ፍርፋሪው ሳህኑ ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል። ለብ ያለ ውሃ ጨመረበት፣ አሸው፣ በወንፊት ጨመቀው። ነጭ ውሃ ወጣ።

እማዬ ጎንበስ ብላ እስከ መጨረሻው አየችና "አሃ! ሱፍ ነዋ!" አለች። ለማያውቅ አንባቢ፣ ለሱፍ ፍትፍት ሱፉን ወቅጠን በውሃ አሽተን የምንጨምቀውን ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ኩሽና በር ላይ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች። እሱ በስዋሂሊ፣ እሷ በአማርኛ። ቅርንፉዱን ስታሸት "ካራፉ" ይላታል፣ ስኳሩን "ሱካሪ"፣ ሳሙናውን "ሳቡኒ"። በማግስቱ ምባዚ የሚሉትን የርግብ አተር በኮኮናት ሠራላት። የሄድን ቀን ምቡዚዋን ልግዛ ብላ አስቸገረችን። ሻንጣ ውስጥ አልገባ ብሎ ቀረ።

ባሕሩ ውስጥ የገባችው ግን አንዴ ብቻ ነው፣ በስድስተኛው ቀን። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ፀሐይ ከውሃው ስትወጣ፣ ዳዊቷን ደግማ ጨርሳ። ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ፣ በሌላው እኔን ይዛ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። "ያው ነው" አለች። ሌላ ምንም አላለችም። ተመልሰን ሻይ ጠጣን።

ዲያኒ ገነት ነው እያልኩ አይደለም። አሸዋው ላይ ብቅ ያለ ሰው ሁሉ "ጃምቦ፣ ጃምቦ" እየተባለ ጌጥ፣ ሽርጥ፣ የግመል ግልቢያ ይለመናል፤ ያሰለቻል። ጦጦቹ ወንበዴ ናቸው፣ የእማዬን ማሃምሪ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ ነው፣ ከሳህኗ ነጥቀው ጣሪያ ላይ ወጥተው በሉባት። ጉሬዞቹ ጨዋ ናቸው፤ መኪና እንዳይገጫቸው አስፋልቱን በላይ በላይ የሚሻገሩበት የገመድ መሰላል ተሠርቶላቸዋል። ዳንስ ቤትም አለ፤ አርብ ማታ ከመንገዱ ወዲያ ሙዚቃው ይሰማ ነበር። የፈለገ ይሄዳል። እኛ ግቢ ግን በሩ አጠገብ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች፦ ከቤት ውጭ ሙዚቃ ማጫወት ክልክል ነው። ባለቤቴ ፎቶ አንስቷታል፣ ስልኩ ላይ አለች።

እንግዲህ ለሎጅ ባለቤቶቻችን የምለው ይኸው ነው። ሳር ክዳኑ አላችሁ። ዓሣው አላችሁ። ወፉማ ከእነሱ ይበልጣል። ባሕር አምጡ የሚላችሁ የለም። ያንን ስፒከር ግን ለሠርግና ለበዓል ብታቆዩት ምን ይጎድልባችኋል? ወጣቱ መጨፈር ይፈልጋል ካላችሁ ልክ ናችሁ፤ እኔም ዘመዴ ሲያገባ ከመድረክ አልወርድም። አንዱን ጥግ ለጨፋሪው፣ አንዱን ጥግ ለተኚው መስጠት አይቻልም? ለሆቴል ኮከብ የሚሰጡትም ፎጣና ሳሙና ሲቆጥሩ አንድ ሌሊት እዚያው ተኝተው ይዩት። ብዙ ወጪ ያለው ነገር አልጠየቅሁም፤ እንዲያውም መብራት ይቆጥባል።

ይሄን የምጽፈው በምክንያት ነው። እህቴ በሚመጣው ዓመት አገር ቤት መምጣት ትፈልጋለች፣ ልጇም "ገና ነው" እያለ ይጠይቃታል አሉ፤ መቼ እንሄዳለን ለማለት ነው። እማዬም በየዓመቱ አውሮፕላን አትችልም። ስለዚህ ከአንባቢዎቻችሁ መሀል ሐይቅ ዳር ሆኖ ስፒከር የሌለው፣ ወይ ማታ ማታ የሚያጠፋ ሎጅ የሚያውቅ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይጠቁመኝ። ስድስት ሰው ነን። አንዷ ደረጃ መውጣት አትችልም። የጾም ምግብ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ባይኖርም ሱፉን ይዘን እንመጣለን።

አክባሪያችሁ፣
የእሁዷ አንባቢያችሁ፣ ከጎሮ