ለአባላት፦ የካርዳን ክሮቼራ አመራረጥ

ውድ አባላት፣ ክሮቼራ (ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ጉልበት የሚያደርሰውን ዘንግ፣ ካርዳኑን፣ በጫፉ የሚያገናኘው ባለ አራት እግር መስቀል) ከማዘዛችሁ በፊት ያለውን በካሊፐር ለኩ። 1310 የሚባለው የመጠን ቁጥር ከጫፍ ጫፍ 81.8 ሚሊ ሜትር፣ በእግሩ ላይ የሚገባው ኩባያ ስፋት ደግሞ 27 ሚሊ ሜትር ነው። 1330 ስፋቱ 92.1 ቢሆንም ኩባያው ያው 27 ነው። 1350 በዚሁ ስፋት ኩባያው ወደ 30.2 ያድጋል፤ ጥንካሬው የሚመጣውም ከወፍራሙ የመስቀሉ እግር ነው።

ክሮቼራውን የሚሰብረው የሞተሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። 700 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ ሞተር በቲኤች 400 አውቶማቲክ ካምቢዮ አንደኛ ማርሽ (2.48) ወደ 1,736 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ መኪናው ሲነሳ ደግሞ ቶርክ ኮንቨርተሩ (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የዘይት ማገናኛ) ይህንኑ ሊያበዛው ይችላል። የዲፈረንሻሉ ማርሽ የሚያበዛው ከክሮቼራው በኋላ ስለሆነ እዚህ አይቆጠርም። ለስሊክ ጎማ (ጥርስ ለሌለው የውድድር ጎማ) እኛ 1350 እንመርጣለን፣ ያውም ግራሶ መክተቻ የሌለውን፤ ቀዳዳው መስቀሉን ያሳሳዋል። ሁለት መጠን የሚያገናኘው ድብልቅ ክሮቼራ ለውድድር አይሆንም፣ ትንሹ ወገን ቀድሞ ይሰበራልና።

ሲገጠም ኩባያውን በመዶሻ አትምቱ፣ በፕሬስ ወይም በሞርሳ አስገቡት። በኩባያው ውስጥ ከተደረደሩት የኩሽኔታ መርፌዎች አንዲቱ ከወደቀች ኩባያው እስከ መጨረሻው አይገባም፣ የክሊፑ ቦይም አይታይም፤ አስገድዶ መግፋት ኪሳራ ነው። የዩ ቦልቱን ዳዶ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ፤ ሲበዛ ኩባያው ይጣመምና መርፌዎቹ ይነክሳሉ። የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ይሁኑ።

በኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ማኅበር) ደንብ የካርዳን መያዣ ቀለበት ከፊተኛው ክሮቼራ በ6 ኢንች ውስጥ መሆን አለበት።