የባሌ ተራራ ጉዞ በሦስት ቀን አይታቀድ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የገና በዓል በቀረበ ቁጥር የእግር ጉዞ ማስታወቂያ ይበዛል። እንጦጦንና ወንጪን የለመዱ ወጣቶች ዓይናቸውን ወደ ባሌ ተራሮች ጥለዋል፤ በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ያላየው ሁሉ ሊያየው ይመኛል። የሚያስጨንቀኝ ግን በየማስታወቂያው ላይ የማነበው «ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት» የሚለው ነው። ከአዲስ አበባ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት እስካለባት ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃውና መመለሻው ሲቀነስ ለተራራው ምን ይተርፈዋል?

እኔ ነርስ ነኝ፤ ጉዳዩን የማየውም በሙያዬ ዓይን ነው። ዲንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች ለምደነዋል ብሎ መኩራራት አያዋጣም። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል፤ በየሦስት አራት ቀኑም የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ማደር፣ በማግስቱም በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን እያዩ ቀስ ብሎ መዋል፣ ከዚያ ወደ ወብ ሸለቆ መውጣት፣ ሳነቴን ለመጨረሻ ማቆየት ነው። ከመኪናው መንገድ ሌላ አምስት ቀን ያስፈልጋል ማለት ነው።

አምና በጥር ከጓደኞቼ ጋር ድንኳን ተክለን ሳለ አጠገባችን አንድ ቡድን ሰፈረ። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ራሷን ይዛ ታስመልስ ነበር። አስተባባሪው የራስ ምታት ክኒን ሰጥቷት «ነገ ጫፉ ላይ ስትደርሺ ይለቅሻል» አላት። ይህ የከፍታ ሕመም መሆኑን፣ ሕመሙ ሳይለቅ ሽቅብ መውጣትም ሳንባን ወይም አንጎልን ውኃ ሊያስቋጥር፣ ሊገድልም እንደሚችል ነገርኩት። መልሱ «እሑድ ማታ አዲስ አበባ መግባት አለብን» የሚል ነበር። በመጨረሻ አንድ ሸምገል ያሉ ባለፈረስ «ነይ ልጄ፣ ተራራው የትም አይሄድም» ብለው በፈረሳቸው ይዘዋት ወረዱ። ዝቅ ካለው ሰፈር ስትደርስ ተሽሏት ሻይ ጠጣች። አስተባባሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕቅዱ ግን ለታመመ ሰው አንዲት ቀን እንኳ አላስቀረም።

ስለ ብርዱም ልናገር። በጋ ስለሆነ ይሞቃል ብሎ ቀላል ሹራብ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ሌሊት ግን ሰማዩ ደመና ስለሌለው ምድሩ ሙቀቱን ሁሉ ይለቅቃል፤ በሳነቴ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ተመዝግቧል። ከእኛ ይልቅ የምሰጋው ጓዛችንን ለሚጭኑልን ባለፈረሶች ነው። ተጓዡ በወፍራም የመኝታ ከረጢት ውስጥ ሲተኛ እነርሱ በአንድ ብርድ ልብስ እሳት ዳር ያድራሉ። ድንኳንና ምግብ ስትቆጥሩ እነርሱንም ቁጠሩ፤ ሒሳቡ ላይ የሚጨምረው እጅግ ጥቂት ነው። ማብሰያ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ለማገዶ አታስቆርጡ፤ ዛፉ በዚያ ብርድ ቶሎ አያድግም።

ስንቅን በተመለከተ፣ ውኃ በሳነቴ ከፍታ 87 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ በቀላሉ አይበስልም። በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽና ሽሮ የሚመረጡት ለዚህ ነው። ትርፍራፊውን ግን ሜዳ ላይ አትጣሉ። ትርፍራፊ ውሻ ይጠራል፤ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ እንደሚኖር እየታወቀ ይህን ቸል ማለት ያሳዝናል።

ሦስት ቀን ብቻ ያለው ሰው ባሌን አይይ አልልም። ዲንሾ ሁለት ሌሊት አድሮ በጋይሳይ ዙሪያ ይጓዝ፤ ወይም በመኪና ሳነቴን ቀን አይቶ ለአዳር ወደ ጎባ ይውረድ። ጋዜጣችሁ ግን የጉዞ ማስታወቂያ ሲያወጣ ከዋጋው ጎን በየሌሊቱ የሚታደርበትን ቦታ ከፍታና ለድንገተኛ ሕመም የተያዘውን ትርፍ ቀን አስተዋዋቂዎች እንዲጽፉ ቢጠይቅልን ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ