በአንበጣው ዓመት ለደረሳችሁልን ሁሉ፦ ከቃሉ ወረዳ የተላከ የምስጋና መልእክት

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የበረሃ አንበጣው ሲወርድብን ማሽላው እሸት ይዞ፣ ጤፉም ለአጨዳ እየደረሰ ነበር። የልማት ሠራተኛችን አስቀድሞ፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያለብስ መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል ሲለን አጋነነ ብለን ስቀንበት ነበር። መንጋው አመሻሽ ላይ አርፎ አደረ፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቆት ሲነሣ የቀረልን የማሽላው አገዳ ነበር።

ከኮምቦልቻ ማጭድ ይዛችሁ መጥታችሁ የተረፈውን ጤፍ ያጨዳችሁልን ወጣቶች፣ እደጉ፣ ተመንደጉ። ግማሾቻችሁ ማጭድ አያያዝ እንኳ አታውቁም ነበር፤ አንዳችሁም ግን ሳይመሽ አልተመለሳችሁም።

እኔ ከእርሻው ጎን ወፍጮ ቤት አለኝ። ገበሬ ሲራብ ወፍጮም ይጾማል፤ ከታኅሣሥ ወዲህ ሞተሩ የሚነሣው በገበያ ቀን ብቻ ነበር። የምግብ እጥረት ላለባቸው ቤተሰቦች በየወሩ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ክፍያ ለእኔ ባይሰጥም ዞሮ ዞሮ ቤቴ ደርሷልና እኔም አመስጋኝ ነኝ።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው የቀበሌያችንን የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው። የተረጂዎችን ስም በጓዳ ጽፎ ማስተላለፍ ይቀል ነበር። እናንተ ግን ሕዝብ ሰብስባችሁ አንድ በአንድ አነበባችሁ። «እገሌ ሁለት በሬና ላም እያለው ምን ሊሆን ገባ?» ተባለ፤ የተሰረዘም፣ የተቆጣም አለ። አቅመ ደካማዋ ጎረቤታችን ከቀጥታ ድጋፉ፣ ማለትም መሥራት ለማይችሉ ያለ ሥራ ከሚሰጠው እርዳታ፣ ዝርዝር ወድቀው ሲገኙ፣ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴው ጉዳያቸውን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ተቀበለ። እግራቸው እንደማያደርሳቸው ያውቅ ነበርና።

የመጀመሪያው ክፍያ በጥር መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ስንቱ በሬውን ገበያ ሊያወጣ ገመድ እያዘጋጀ ነበር። በሬውን የሸጠ ሰው ሰኔ ሲመጣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የዘንድሮው ጉዳት የሚቀጥለውን ዓመት ምርት ግማሽ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፤ ጎረቤቶቼ ግን በሬዎቻቸው ዛሬም በረት ናቸው።

ሳልናገር የማላልፈው አለ። የአንዱ ወር ክፍያ ዘግይቶ ሲመጣ እህል ተወድዶ ጠበቀን፤ ያው ብር ያነሰ ቁና ሸመተ። ስለዚህ የቀጣዮቹ ወራት ክፍያ በስንዴ እንዲሆን ያደረጋችሁ የወረዳ ኃላፊዎች፣ ፈጣሪ ያክብራችሁ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ሲታደል፣ ቤተሰቡ ሰፊ የሆነ ሰው አህያ ጭኖ ነው የመጣው። በዚያ ሳምንት ወፍጮ ቤቴ ደጃፍ ላይ ሴቶቹ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰው ወረፋ ሲጣሉ ሰማሁ። ከጥቅምት ወዲህ በወረፋ የተጣላ አልነበረም።

በጭቃ መንገድ ስንዴውን ያደረሳችሁልን ሾፌሮች፣ ጎማችሁ ሲቀበር የገፋናችሁ እኛው ነንና በዚያኛው ሒሳብ ተቻችለናል።

በዱቤ ደብተሬ ላይ ስማችሁ የሰፈረ ጎረቤቶቼ ደግሞ፣ ያለባችሁን የማስፈጫ ገንዘብ መኸሩ እስኪገባ አልጠይቃችሁም። ከኅዳር በኋላ ግን ራሳችሁ ኑ፤ ሞተሩም ነዳጅ ይፈልጋል።