የእህቴ መድኃኒት በመዋጮ ላይ አይንጠልጠል፦ ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስትር

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ እህቴ ነው፤ ግን ስለ እሷ ብቻ አይደለም። እህቴ መልቲፕል ስክለሮሲስ አለባት። እኛ ቤት ባጭሩ ኤምኤስ ነው የምንለው። ከበሽታ ሊጠብቃት የሚገባው የገዛ ሰውነቷ መከላከያ ዞሮ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ያሉትን የነርቮች ሽፋን ያጠቃል። አይተላለፍም። እርግማንም አይደለም። አንዴ ከጀመረ ግን የዕድሜ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘውም ሰው በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜው፣ ሥራ ይዞ ልጅ በሚያሳድግበት ሰዓት ነው። በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን የማያንሱ ሰዎች አብረውት ይኖራሉ። ሴቶቹ ከወንዶቹ እጥፍ ይሆናሉ።

ጠዋት ሸሚዟን ስትቆልፍ ቢያዩዋት ይህን ሁሉ ባልጻፍኩልዎ ነበር። ጣቶቿ ቁልፉን ቢነኩትም አይሰማቸውም፤ ስለዚህ መስታወት ፊት ቆማ በዓይኗ እየተከተለች ነው የምትቆልፈው። ስትጨርስ ቁጭ ብላ ማረፍ አለባት። ሰው ግን «ደህና ሆነሻል እኮ» ይላታል፣ ድካሙ ከውጭ አይታይማ። ሙቀት ሲሆን ደግሞ ይብስባታል።

እስካሁን ያቆመን የኤምኤስ ታማሚዎችን የሚረዳ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው። በሽታው በተነገራት ሳምንት የደወለችላት ሴት ራሷ ኤምኤስ ያለባት ነበረች። ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ፤ እህቴ ከብዙ ቀን በኋላ እንቅልፍ የወሰዳት ያን ሌሊት ነው። ዊልቸር በውሰት የሰጡን እነሱ ናቸው። ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚያመላልሳት በጎ ፈቃደኛም የእነሱው ነው። በኒው ዮርክም ነገሩ የተጀመረው እንዲሁ ነበር፦ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲልቪያ ላውሪ የምትባል ሴት ለታመመ ወንድሟ ስትል «ከኤምኤስ የዳነ ሰው ካለ ይጻፍልኝ» ብላ ጋዜጣ ላይ አስነገረች፤ የጻፉላት ግን እንደ እሷው መላ የጠፋባቸው ሰዎች ነበሩ፣ በዓመቱም ማኅበር አቋቋመች። ሰው ለሰው እንዲህ ይደርሳል፣ ይህን መንግሥት ይተካው አልልም።

መድኃኒት ግን ሌላ ነገር ነው። እህቴ በየስድስት ወሩ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ትወስዳለች፣ የሚገዛውም በመዋጮ ነው። አንድ ጊዜ መዋጮው አልሞላም፣ ሁለት ወር ተኩል ዘገየ። በዚያ መሃል ቀኝ ዓይኗ ደበዘዘ። በመዘግየቱ ይሁን በሌላ ሐኪሟም እርግጡን ሊነግረን አልቻለም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የምጠይቃት «ዛሬስ ታያለሽ?» ብዬ ነው። የማኅበሩ ልጆች ደግሞ ጥፋቱ የእነሱ ይመስል ይቅርታ ሲጠይቁን ነበር፣ ይህ ከሁሉ በላይ አንጀቴን በላው።

ክቡር ሚኒስትር፣ ይህ በሽታ ልገሳ እስኪሞላ አይጠብቅም። ያጠፋው ነርቭ ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ ጥቅሙ ያለው ቶሎ ጀምሮ ሳያቋርጡ መውሰድ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ሦስት የኤምኤስ መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፦ ክላድሪቢን፣ ግላቲራመር አሲቴት እና ሪቱክሲማብ። የመጨረሻው መጀመሪያ የወጣው ለደም ካንሰር ነው፣ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳዩን በርከስ ባለ ዋጋ ይሠሩታል። ስለዚህ የማይደረስበት ነገር አልጠየቅንም።

የምንለምንዎ ይህን ነው። ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን መንግሥት ይግዛው፣ በጤና መድኅንም ይሸፈን። ማኅበሩም ጉልበቱን ወደሚችለው ይመልስ፦ አዲስ ታማሚ ጋ መደወል፣ ቤት ለቤት መጠየቅ፣ የሚያስታምሙትን እናቶችና ባሎች ለአንድ ከሰዓት ማሳረፍ። በልገሳ የሚመጣ ዊልቸርና ካቴተርም (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ለአንድ ፊርማ ወራት መጋዘን ውስጥ አይቀመጥ።

የእህቴ ቀጣይ ቀጠሮ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። መዋጮው ገና ግማሽ አልደረሰም። ከዚያ በፊት መልስዎን እንጠብቃለን።